የሦስት መቶ ሰባት ትርፍ በር

ውድነሽ ለውጭ አገር ባለሀብቶች ጉዳይ ማስፈጸም ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የትኛው ሹም የእናቱ ጤና ካልተጠየቀለት ብዕሩ እንደማይጽፍለት በቃሏ ታውቃለች። ባለሀብቶቹ ካሉበት ሆነው ውክልና ይልኩላታል፤ የቀረውን እሷ ትጨርሳለች። ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልግላቸው አድራሻ ነው፤ አድራሻ የሌለው ኩባንያ በመንግሥት ፊት ገና አልተወለደም። ቬልዳር ለሚባለው ኩባንያም አንድ የቆየ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጥር ሦስት መቶ ሰባትን ተከራየችለት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ በኋላው ግድግዳ ላይ የባንክ ቀን መቁጠሪያ። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ምንም የለም። ተጣብቆት የነበረው ሕንጻ ስለፈረሰ ባዶ አየር ነው፣ ከታች የቆርቆሮ አጥር።

አድራሻ አረጋጋጭ በማንኛውም የሥራ ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል ቢሮው ውስጥ ሰው መቀመጥ አለበት። አባቷን አስቀመጠች። አቶ ሰይፉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር ጠፍቶ ነበር። ሥራ አለ ሲባሉ ክራቫታቸውን ከሣጥን አወጡ። ውድነሽ ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ደስ ብሏት አለቀሰች። እሳቸው ከሷ በቀር ማንም የላቸውም፣ እሷም ከሳቸው በቀር ማንም የላትም።

አረጋጋጩ በሳምንቱ መጣ፤ ምንተስኖት የሚባል ትሑት ወጣት። በማስመሪያ የክፍሉን ንድፍ ሣለ፣ ማኅተም አሳረፈበት፣ ቅጂውን ትቶላት አመስግኖ ሄደ። ውድነሽ ንድፉን ልብ ብላ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት በር ተሥሏል። አንዱ በኮሪደሩ በኩል ያለው፣ ሌላው ቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ።

«ይስተካከል እንጂ ልጄ» አሉ አቶ ሰይፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ሳይቃጠል በቅጠል።»

«አባዬ፣ ማስተካከል ማለት እኮ ከሀ መጀመር ነው። ማኅተም ያረፈበትን ማን ይነካዋል? አንድ በር ቢተርፍ ምን ይጎዳናል!»

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ያልደረቀ ኖራ፣ ከሥሩ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቆም የሚያመጣው የላብና የእርጥብ ካፖርት ሽታ፤ መስኮቱን ስትከፍተው ይብስበታል እንጂ አይወጣም። ቀጥሎ ቀን መቁጠሪያው፣ በሩም መስኮቱም ተዘግተው ሳለ፣ የታች ጫፉ ቀስ እያለ ከግድግዳው እየተነሳ ይመለስ ጀመር። ውድነሽ የሕንጻውን እርጅና ሰደበች። ለአንድ ሽታና ለአንድ ወረቀት ብላ አባቷን ከሥራቸው ልትነጥላቸው አልፈለገችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ወንበራቸውን አዙረው፣ ለኮሪደሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። የሱሪያቸው ጉልበት ኖራ ነክቶታል።

«ምን እያደረግህ ነው አባዬ?»

«ሰዎቹን ማን ያስተናግዳቸው?» አሉ ኮስተር ብለው። «በዚህ በኩል ነው የሚመጡት።»

ልትስቅ ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ጠባቧ መስኮት የምታስገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ጨለማ ነው። ተጠግታ ጆሮዋን ለጠፈችበት። የሰማችው ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ድምፅ ነው፤ ወረፋ። ጫማውን እየጎተተ አንድ እርምጃ የሚጠጋ ሕዝብ፣ የታፈነ ሳል፣ የሚታጠፍ ወረቀት፣ ከሩቅ ደግሞ ቁጥር የሚጠራ ሰው፤ ስንት እንደሚል ግን አይለይም። ፈራች። አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወጣች፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማመልከቻ ጻፈች። «በንድፉ ላይ አንድ በር በስህተት ተርፏል፤ ይሰረዝልኝ።» የምንተስኖት መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ተቀበሏት፣ ጠብቂ አሏት።

ቤት ልታስቀራቸው ለመነች፣ ተቆጣች፣ ቁልፍ ደበቀች። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ክራቫታቸውን አስረው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፤ «ሰው እየጠበቀኝ እንዴት እቀራለሁ?» ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ ትለቃቸዋለች። ለባለሀብቱ አድራሻ እንዲለወጥ ጻፈችለት። «አድራሻው ተስማምቶናል» የሚል አንድ መስመር መለሰላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልጠፋት መላ ያን ሳምንት ጠፋት።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ኮታቸው ወንበሩ ላይ፣ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ። የሕንጻው ዘበኛ ከታች ስትጠይቀው «ከገቡ አልወረዱም» ብሏታል። አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አየች፤ አየር፣ ከታች ቆርቆሮ፣ በአጥሩ ሥር የምትሄድ ድመት። ያኔ ከግድግዳው ውስጥ የአባቷ ሳል ተሰማት። ያን ሳል ከሺህ ሳል መሃል ትለየዋለች።

«አባዬ!»

«ቆይ ውድዬ፣ ተራዬ ሊደርስ ነው።»

በጥፍሯ ኖራውን ቧጠጠች፤ ከሥሩ ብሎኬት ነው። ማመልከቻዋ ትዝ አላት። ያ በር ከተሰረዘ በየት ይወጣሉ? ለምንተስኖት ደወለች። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ጮኸ። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል፣ አዲስ ወረቀት ይዞ፣ ፈገግ ብሎ።

«እንዳይመላለሱ ብዬ እኔው አመጣሁልዎት፣ እትዬ ውድነሽ። ተስተካክሏል።»

«አልፈለግኩም! መልሰው፣ በእናትህ፣ አባቴ እዚያ ውስጥ ነው!»

«የት ውስጥ?» ባዶውን ክፍል ቃኘና አዘነላት። «ደክሞዎታል እትዬ። ማኅተሙም አርፎበታል፤ አሁን ምንም ማድረግ አልችልም።» ወረቀቱን መዳፏ ላይ አኖረላትና ወጣ፣ በሩንም እንዳያስደነግጣት በቀስታ ዘጋው።

ንድፉ ላይ አንድ በር ብቻ ቀርቷል። ወረቀቱን አዙራ አየችው፣ መልሳ አዞረችው። ማመልከቻዋ ላይ የትኛው በር እንደሚሰረዝ አልጻፈችም ነበር። ከኋላዋ ቀዝቃዛ ነፋስ ማጅራቷን ነካት፣ የእርጥብ ካፖርት ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ የአባቷም ድምፅ ምንም ሳያፍነው ጥርት ብሎ «ነይ ልጄ፣ ከኋላዬ ቁሚ» አላት። ቀና ስትል፣ ምንተስኖት በወጣበት በኩል የባንኩ ቀን መቁጠሪያ ድፍን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።