ሦስት ኩባያ እርጎ በበቾ ቦሬ

በዚያ ዓመት ቡናው ካበበ በኋላ ዝናቡ ጠፋ። አበባው ደርቆ ረገፈ። ከዚያ ዝናቡ ሳይፈለግ መጣና የተረፈው ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ ጠቆረ። ከሰቃ እስከ አጋሮ ላም የሸጠ እንጂ የገዛ አልተሰማም። ጅማ ውስጥ ስኳር ከሱቅ ጠፋ። መብራት በሄደ ቁጥር ባለሱቆች ማቀዝቀዣቸውን ከፍተው ማሽተት ልማድ አደረጉት። ሠርግ ለከርሞ ተላለፈ። ለቅሶ ግን አይተላለፍም።

ሀጂ ሀቢቡላህ የሞቱት በዚያ ወቅት ነው።

ኢንስፔክተር ዳባ በሞቱበት ማታ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ሲደርስ ሰው የሀጂን የወተት ሱቅ ደጃፍ ሞልቶት ነበር። ገፍቶ ገባ። ሟቹ በጓዳው ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። የሸሚዛቸው አንገትጌ በላብ ርሶ ደርቋል። ከፊታቸው ሦስት የእርጎ ኩባያ ተደርድሯል። ከሁለቱ አንድ አንድ ማንኪያ ብቻ ተቀምሷል። ሦስተኛው፣ ሰማያዊው የፋብሪካ ኩባያ፣ እስከ ታች ተጠርጎ ተበልቷል። ዳባ ኩባያውን ወዲያው በከረጢት አድርጎ ኪሱ ከተተው።

የሁለቱ ኩባያዎች ክዳን አጠገባቸው ወድቋል። የሰማያዊው ክዳን የለም። ዳባ ምንጣፉን ገለጠ፣ ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠ፣ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። የለም።

ኩባያዎቹ ለምን እንደተደረደሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ አንድ ካፌ እርጎ በሀጂ በኩል ሊገዛ አስቦ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ምረጡልን ብሎ ነበር። የምግብ ሳይንስ መምህሩ ሊዮል ውፍረቱንና በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር መዝኖ ጨርሷል። የቀረው የሀጂ ምላስ ነው። አንደኛው ኩባያ የሰቃዋ ሶረቲ ከላሞቿ ወተት የምታረጋው ነው። ሰማያዊው የፋሂም ነው፤ ፋሂም የአንድ ፋብሪካ አከፋፋይ ነው። ሌላኛው ሊዮል ራሱ ከሱፐርማርኬት ለማነጻጸሪያ ያመጣው ነው።

ደጃፍ ያለው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። የቤት እርጎ ነው የገደላቸው ተባለ። በማግስቱ ቀትር ሳይሆን የሶረቲ ኩባያዎች ከየሱቁ ተለቅመው ቦይ ውስጥ ተደፉ። እሷም ጣቢያ ገባች።

የሐኪሙ ቃል በሁለተኛው ቀን መጣ። መርዝ የለም። ሀጂ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መርፌያቸውን ወግተው ሳይበሉ ቆይተዋል፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው የሞቱት። የጣቢያው አዛዥ ይህን ሲሰማ ፋይሉን ወደ ዳባ ገፋ አደረገና የእግዜር ሞት ነው፣ ልጅቷን ፍታና ዝጋው አለ።

«ፋይሉ ይዘጋል» አለ ዳባ። «የሰው አፍ ግን አይዘጋም። አሁን ብትወጣ ሕዝቡ ይጎዳታል፤ ጥቂት ቀን ስጡኝ።»

አዛዡ አላወቀም እንጂ ዳባ ከዚያች ልጅ ቤት ውለታ ነበረበት። ወጣት ፖሊስ ሳለ ከጣቢያው መጋዘን የተያዘ ቡና ጠፍቶ በሱ ተላከከ። የሚያውቁ ሁሉ ዝም አሉ። ከሰቃ አንድ ገበሬ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቡናውን ሲጭን ያየውን ነጋዴ ስሙን ጠርቶ በሰው ሁሉ ፊት መሰከረ። ዳባ ዳነ። ገበሬው ግን ከዚያ በኋላ ቡናውን የሚገዛው አጣ፤ ነጋዴዎቹ ተመካክረው ነበር። ማሳውን ሸጦ ላም ገዛ። ገበሬው ለሚ ይባላል፤ ሶረቲ ልጁ ናት። ዳባ አንድም ቀን አላመሰገነውም። እኩል የሚሆን ነገር ስላጣ፣ በሰቃ መንገድ ማለፍ ትቶ ነበር።

በመጀመሪያ ወይዘሮ ረይሃናን፣ የሟቹን ሚስት፣ በዚያው ጓዳ ምድጃው አጠገብ አነጋገረ። ሀጂ ከመግሪብ በፊት መርፌያቸውን ይወጋሉ፣ ከሶላት በኋላ ይበላሉ። ያን ዕለት እሷ ለቅሶ ቤት ሄዳ ዘገየች። እራቱ ተሠርቶ ድስቱ ውስጥ ነበር፤ እሷ ሳታቀርብላቸው ግን አይበሉም። ይህን ስትናገር ዓይኗን ከድስቱ አላነሳችም።

«ስኳራቸው ሲወርድ ምን ያደርጋሉ?»

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል። ቤት ውስጥ ስኳር ቢኖር ያንን ይልሱ ነበር፤ ከየት ይምጣ? ሰማያዊውን ኩባያ ነው የሚበሉት። ጣፋጭ ነው። መድኃኒቴ ይሉታል። ይህን የማያውቅ የለም።»

ዳባ ከከረጢቱ ኩባያውን አውጥቶ ጽሑፉን አነበበ። ስኳር አለው ይላል፤ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ከላይ ከተጻፉት አንዱ እሱ ነው። ወደ ከረጢቱ መልሶት ተነሳ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ሌላ ሰማያዊ ኩባያ ነበር፤ ፋሂም ያመጣው ሁለት ነው። ክዳኑ አልተከፈተም። ዳባ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ወዘወዘው። ከውስጥ ውሃ ተንቦጫቦጨ። ማንም ሳይነካው እንዲቀመጥ አደረገ።

ሊዮልን ግቢው ውስጥ አገኘው። ወጣት ነው፣ ፈጣን ተናጋሪ።

«የፋሂም እርጎ ስታርች የሚባል ማወፈሪያ አለበት ጋሽ ዳባ፤ ውሃ አይለቅም። ገልብጠው ቢይዙት አይወድቅም። የሶረቲ ግን፣ ማንኪያ ሲገባበት ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል። በፕሮቲን የሷ ይበልጣል፣ በስኳር የሱ። በጣዕም ግን... እውነቱን ልንገርዎ? ከሷ ቀጥሎ ሌላውን ሲቀምሱት ላስቲክ ነው።»

«የሷ ያሸንፍ ነበር?»

«በምላስ አዎ። ችግሩ በየቀኑ ማድረስ ላይ ነው። እኩል ከወጡ ፋብሪካው ይወስደዋል ብያቸው ነበር፣ ለሁሉም።»

ሶረቲ ጣቢያ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ብዙ አልተናገረችም። ጎረቤቶቿ ወተታቸውን ለሷ ይሰጡ እንደነበር፣ ይህ ግዢ ከተሳካ ላሞቹን ላለመሸጥ ተማምለው እንደነበር ነገረችው። ትናንት አባቷ የመጀመሪያዋን ላም ገበያ ወስዷል።

«የገደልኳቸው እኔ ከሆንኩ ጅማ ግማሹ በሞተ ነበር» አለች። «ፋሂም እንኳ ለሚስቱ ብሎ የሚገዛው ከኔ ነው። ሀጂ በሞቱበት ሳምንት ማሰሮ ሙሉ ወስዷል። የሱን አትበላለትም መሰለኝ።»

ዳባ ቀና ብሎ አያት። 

ፋሂም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከአሱር ሶላት በፊት ሁለት ኩባያ አስረክቦ እንደወጣ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል እንዳላለፈ ተናገረ። ዳባ ስለ ገበያው ጠየቀው፤ መብራቱ እየጠፋ ዕቃው እንደተበላሸበት፣ ፋብሪካውም እንደተቆጣው መለሰ። ሊነሳ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሀጂ ወዳጄ ነበሩ። የመጨረሻ ምግባቸው የኛ መሆኑ ያጽናናኛል። እስከ ታች ጠርገው ነው የበሉት። አላህ ይርሐማቸው።»

«አሚን» አለ ዳባ።

በማግስቱ ጠዋት አራቱን በዚያው ጓዳ ሰበሰባቸው። ረይሃና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሶረቲን ፖሊስ አመጣት፤ ማንም ቦታ አልለቀቀላትም፣ ቆመች። ዳባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰማያዊ ኩባያ አስቀመጠ። አንዱ ከማቀዝቀዣው የወጣው ነው፤ ሌላውን ከሌላ ሰፈር ሱቅ ገዝቶታል።

«ሀጂ ስኳራቸው ወርዶ ሞቱ» ብሎ ጀመረ። «ከፊታቸው ያገኘሁት ባዶ ኩባያ ስኳር አለኝ ይላል። ውሃ ጠጥቶ በጥም የሞተ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ኩባያው ዋሽቷል ማለት ነው።»

ሁለቱንም ከፈተና ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ አወጣ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። የተገዛው ኩባያ ጉድጓዱ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። የሌላው ጉድጓድ ቀስ በቀስ ውሃ ቋጠረ።

ሊዮል ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ የፋብሪካው አይደለም» አለ። «ሊሆን አይችልም።»

«ቅመሱት።»

ረይሃና ቀመሰች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ለሊዮል አቀበለች። ሊዮልም ቀምሶ አሳለፈ። ማንኪያው ሶረቲ ጋ ደረሰ። አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች።

«የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የወይራ ጭሱ አለበት። የማረጋበትን ቅል የማጥነው እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው እሷን አዩ። ፋሂም ትንፋሹን ለቀቀ።

«እንግዲህ የሷ ከሆነ ነገሩ አልቋል» አለ።

«እርጎው የሷ ነው» አለ ዳባ። «ኩባያው የማን ነው? ሶረቲ የራሷን እርጎ በተፎካካሪዋ ኩባያ ጨምራ ራሷን ለማሸነፍ ምን አስፈለጋት? ወይዘሮ ረይሃናና ሊዮልስ ምን ያገኛሉ? ይህን ክዳን እዩ፤ ተልጦ በሱፐር ግሉ ተመልሶ ተለጥፏል። የፋብሪካው በሙቀት የተጣበቀ ነው። እኩል ከወጡ ፋብሪካው ይወስደዋል ተብሏል። የራሱ ዕቃ በመብራት የተበላሸበት ሰው፣ እኩል ለመውጣት ከሷ እርጎ የተሻለ ከየት ያመጣል? ማሰሮ ሙሉ ከሷ የገዛ ደግሞ አለ።»

ፋሂም ለሚስቱ እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዳባ በእጁ አስቆመው።

«ይህ ማታለል ነው እንጂ መግደል አይደለም። አልጨረስኩም። የሀጂ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ የተለጠፈ ክዳን የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲከፍተው ይቀደዳል፣ እርጎው ይፈሳል። ምንጣፉ ላይ ጠብታ አልነበረም። የከፈተላቸው የረጋ እጅ ነው። ክዳኑን ይዞት የሄደውም ያ እጅ ነው፤ ሙጫውን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው ክዳን የሚያስፈራው። የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ባዶውን ኩባያ ሰው ሳይገባ በፊት ኪሴ ከትቻለሁ። ረይሃናም ባሏን ከበሩ አይታ ጮኸች እንጂ አልገባችም፤ ኩባያውን ያየችው ከከረጢቱ ሳወጣው ነው፣ ለማንም አልተናገረችም። ፋሂም፣ እስከ ታች ጠርገው እንደበሉት ማን ነገረህ?»

ውጭ አህያ የሚነዳ ሰው አለፈ። ፋሂም ሸሚዙን አየ።

«ስኳር ልጨምርበት ፈልጌ ነበር» አለ። «ከተማውን ዞሬ አጣሁ። ፋብሪካው አዲስ አሠራር አመጣ፣ ስኳሩን ቀነሰ ልላቸው አሰብኩ። ይህ ግዢ ከቀረብኝ ሊያባርሩኝ ነበር። በመግሪብ መልሱን ልሰማ ተመልሼ መጣሁ። ያልባቸው ነበር። ሰማያዊውን ክፈትልኝ አሉኝ። ከፈትኩላቸው።»

«ከዚያስ?» አለች ረይሃና። 

«ሁለቴ ጎረሱ። "ፋሂም፣ ይሄ ስኳር የለውም" አሉኝ። "ምላስዎ ነው ሀጂ" አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«አመኑኝ። እስከ ታች ጠርገው በሉት። ይሻላቸዋል ብዬ ወጣሁ።»

ረይሃና ሻርፏን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ድስቱ አሁንም ምድጃው ላይ ነበር፤ ማንም አላነሳውም።

ፋሂም ታሰረ። ዳባ የክሱን ወረቀት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ቆመ። ላለመናገር ምን ዓይነት አንቀጽ እንዳለ አያውቅም ነበር፤ አቃቤ ሕጉም አላወቀም። ካፌው እርጎ መግዛቱን ተወው። ረይሃና ሱቁን ዘጋች። ሶረቲ ተፈታች፤ በየሱቁ ዞረች፤ ባለሱቆቹ በትሕትና እየተቀበሉ፣ ሻይ እየጋበዙ፣ ኩባያዋን ግን አንወስድም አሉ። አንዴ የፈራ ሆድ ፍርድ ቤት አያሳምነውም።

በገበያ ቀን ዳባ በሰቃ መንገድ ሄደ። ቅቤና ወተት የሚሸጥበት ቦታ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ሀጂ እንዴት እንደሞቱ፣ በማን እጅ እንደሞቱ፣ ሶረቲ፣ የለሚ ልጅ፣ ንጹሕ እንደሆነች በአማርኛ ተናገረ፤ በኦሮምኛም ደገመው። ሰዎቹ ጨርሰው ሰሙት። ከዚያ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እርጎ የገዛ አልነበረም።

ለሚን በባዶ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው። የለሚ ዓይን ደክሟል፤ ዳባን በድምፁ ነው ያወቀው።

«ከገበያው እዚህ ድረስ ተሰማኝ» አለ ለሚ።

«ዘገየሁ ኦቦ ለሚ። ላሞቹ ከመሄዳቸው በፊት ነበር መምጣት የነበረብኝ።»

«እኔ ያኔ ላንተ ስናገር ሰው ሰምቶ ነበር?»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«ዛሬስ?»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«ያኔ እኔ ቡናዬን አጣሁ፣ አንተ ስምህን አገኘህ። ዛሬ እሷ ላሞቿን አጣች፣ ስሟን አገኘች። ከዚህ በላይ ምን አለን?» ለሚ እጁን ዘርግቶ የዳባን ክንድ ዳሰሰ። «ከፍለሃል። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ እለፍ።»

ሶረቲ ከቤት ወጣች። የመጨረሻዋ ላም ከመሸጧ በፊት ከታለበው ወተት የረጋውን በሳህን ይዛ ነበር። ዳባ ተቀብሎ ቀመሰ። የወይራ ጭስ ነበረው፤ ስኳር አልነበረውም። አባትና ልጅ ባዶውን በረት እያዩ፣ እሱ ቆሞ እስከ ታች ጠርጎ በላው።