ብርዱ ይውጣለት

ሰዓት ሠሪው አልጋው ላይ እንደተኮማተረ ሞቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል። ሐኪሙ «ተቅማጡ ውኃውንና ጨውን አሟጦ ገደለው» ብሎ ፈርሞ ሄደ። አንጀቱ በቀዶ ጥገና ካጠረ ወዲህ ተቅማጡን የሚገታለት በቀን ሦስቴ የሚወጋው የሆርሞን መድኃኒት ነበር።

መርማሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሳምንቱ ያየው ሦስተኛው አስከሬን ነው።

«መድኃኒቱን ሸጣ ውኃ ስትወጋው ነው» አለ የሟቹ ወንድም፣ በየቀኑ እየመጣች መርፌውን የምትወጋውን ነርስ በአገጩ እየጠቆመ። «ይቺ ሳትታሰር ወንድሜን አልቀብርም።»

«አፍህን ሰብስብ» አለች ነርሷ በደከመ ድምፅ። «ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው።»

መርማሪው ወደ ሚስትየዋ ዞረ። «እትዬ፣ መድኃኒቱን በመርፌ ስትቀዳ አይተዋታል?»

«ሁልጊዜ። ማሸጊያውን ፊቴ ነው የምትከፍተው።»

«ከፍሪጅ የሚያወጣው ማን ነው?»

«እሷ እስክትደርስ እኔ አዘጋጅላታለሁ።»

መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሟቹ በገባ ቁጥር በእርሳስ ጭሮበታል፦ በቀን አራት፣ አምስት፣ አራት፤ ከሰኞ ጀምሮ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት። መርማሪው ባዶዎቹን ብልቃጦች ነርሷ በጻፈችባቸው ቀን ቅደም ተከተል ደረደረና ሦስቱንም ጠራቸው።

«ስርቆት የለም» አለ። «የታሸገ ብልቃጥ እትዬ ፊት ነው የተከፈተው። ግን እዩ፤ እስከ እሁድ ያሉት ወረቀታቸው ልጥፍ ያለ ነው። ከሰኞ ወዲህ ያሉት ተሸብሽበዋል፣ ጠርዛቸው ተነስቷል። ፍሪጅ እንዲህ አያደርግም። የፈላ ውኃ ያደርጋል፤ ይህን መድኃኒት ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ጭረቱ የበዛውም ከሰኞ ነው። እሁድ ምን ሆነ?»

ሚስትየዋ ነጠላዋን ጠቀለለች። «መርፌው ቀዝቅዞ አቃጠለውና አለቀሰ። አርባ ዓመት ስንኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።»

ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «‹ከፍሪጅ አውጥተው ብርዱ ይውጣለት› ያልኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ይቆይ ማለቴ ነበር።»

«ልጆቼን ብርድ ሲመታቸው በሙቅ ውኃ አይደል የማወጣላቸው» አለች ሚስትየዋ። «ከማንቆርቆሪያው ቀድቼ ብልቃጡን እዘፈዝፈው ነበር።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መርማሪው ደብተሩን ዘጋ፤ የሚታሰር ሰው አልነበረም።

ሚስትየዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ከሰኞ ወዲህ ስትወጊው አመመው?»

«አላመመውም፣ እትዬ። እያወራኝ ነበር የምወጋው።»