ጥንብ አንሳውና ፀሐይዋ

ሁንዴ በሕይወቱ ብዙ ተብሏል፤ ጥንብ አንሳ ያለው ግን አልነበረም። ያለችውም ጠላቱ አይደለችም፤ ገና በሩን ሲያልፍ ልቡን የወሰደችበት ሚልካ ናት።

እህቱን ቦንቱን ሊወስድ ነበር አዳማ ወደሚገኘው የሚልካ ጸጉር ቤት የገባው። ቦንቱ ጭንቅላቷን ካስኩ ውስጥ ቀብራ ጸጉሯ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ሚልካ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው፤ አያት። 

«መቼ ነው የተወለድከው?» አለችው።

«ግንቦት ሃያ ሰባት፣ ዘጠና። ምነው፣ ልደቴን ልታከብሪልኝ ነው?»

ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷ ጨለመ። «ጥንብ አንሳ ነህ።»

«እኔ?!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ፣ እነ ጓቲማላ አገር፣ ማያ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። በእነሱ ዘንድ ቀን ዝም ብሎ አይነጋም፤ ሃያ ምልክቶች ተራ በተራ ይውላሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ መንፈስ አለው፤ ሰውም የተወለደበትን ቀን ጠባይ ይዞ ያድጋል። ሚልካ ይህን ከስልኳ ካገኘች ወዲህ ምልክቱን ሳያውቅ ከቤቷ የወጣ ደንበኛ የለም። ጎረቤቷ ሽቶ ሻጯ ሱሃይላ «ማዕበል ነሽ» ከተባለች ጀምሮ ባሏ የሚያናግራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«አትቀየመኝ» አለች ሚልካ። «ጥንብ አንሳ ምድርን ያጸዳል። የይቅርታ ምልክት ነው።»

«አንቺስ?»

«ፀሐይ» አለች፣ ምንም ሳታፍር።

የቦንቱ ጸጉር እንደዚያ ሰሞን ታጥቦ አያውቅም። ወንድሟ ያመጣታል፣ ተቀምጦ ይጠብቃታል፣ ዓይኑ ግን ሚልካ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ቦንቱ ቀረችና ሁለቱ ብቻቸውን ቢሾፍቱ ሄደው ሐይቁን አዩ። እዚያ ነው ሁንዴ ድፍረቱን ሰብስቦ «ሽማግሌ ልላክ?» ያላት።

ሚልካ ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች።

«እወድሃለሁ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ግን ጥንብ አንሳ ፀሐይ ሲጠጋ ክንፉ ይቃጠላል። ለአንተው ነው የምፈራው።»

ይባስ ብሎ ማናሴ የሚባል የአቦምሳ ነጋዴ ለመጪው እሁድ ወደ ሚልካ ቤት ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ነበር። ማናሴ በሚልካ ስልክ ስሌት ንስር ነው። ንስር ደግሞ ፀሐይን ትኩር ብሎ ቢያይ ምንም አይሆንም።

ሐሙስ ዕለት ሁንዴ ሊለምናት ወደ ጸጉር ቤቱ መጣ። ሱሃይላ ተቀምጣ ሚልካ የባሏን ቀን እያወጣችላት ነበር፤ ሚያዝያን ኤፕሪል አድርጋ፣ ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ አስገባች። ሁንዴ ደነገጠ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው፤ የጅቡቲ ዕቃ ሲያስለቅቅ ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲገለብጥ ይውላል። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው! ያ ሁሉ የአዳማ ሴት በሰው ምልክት እየኖረ ነው!

ሮጦ ወጣና የራሱን ቀን አስተካክሎ በስልኩ አስገባ። የወጣለትን ሲያይ «ያ ዋቃ!» ብሎ ፈጣሪውን ጠራ። ጥንብ አንሳው ቀርቶለት፣ በምትኩ ሞት የሚባለው ምልክት ደርሶታል።

ደጃፉ ላይ ቆሞ አሰበ። ጥንብ አንሳን የፈራች ሞትን እንዴት ትቀበላለች? «ንስር ሆንኩ» ቢላት ማን ያይበታል? ሁለቴ ይህን ሊል ቆረጠ፣ ሁለቴ ተወው። ገባ።

«ሚልካ፣ ስልክሽ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። እኔ ጥንብ አንሳ አይደለሁም።»

ፊቷ በራ። «እውነትህን ነው? ታዲያ ምንድን ነህ?»

«ሞት።»

ሱሃይላ «ቢስሚላህ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

ሚልካ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለምን ነገርከኝ? ንስር ነኝ ብትለኝ አምንህ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። የፈራሁትም ማመንሽን ነው።»

ሚልካ ዓይኗን ሰብራ ስልኳን አነሳች፣ የራሷን ቀን አስተካክላ አስገባች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎት ሲጠጋ በሳቅ ልትወድቅ ደርሳለች።

«ዝንጀሮ ነኝ!»

«የኔን እንዳትነኪ!» ጮኸች ሱሃይላ። «ማዕበል እንደሆንኩ ልቅር! ባሌ ይህን እንዳይሰማ!»

«ትርጉሙ ምን ይላል?» አለ ሁንዴ።

«አላነብም።» ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው። «ሰው ሲጋባ ሞት እስኪለየው ነው። እኔ ሞትን ራሱን ካገባሁ ማን ይለየኛል? ቅዳሜ በጠዋት ሽማግሌዎችህን ላክ፤ ማናሴን አባቴ ይመልሰዋል።»

ሁንዴ ሻምፑ የነካውን እጇን ያዘ፣ ሱሃይላ እያየችም አለቀቀውም።