የወልደጻድቅ ጋቢና

በሚዛንና በቴፒ መካከል ስንት ጠመዝማዛ እንዳለ የወልደጻድቅን ተሳፋሪዎች ብትጠይቋቸው በፌስታል ቆጥረው ይነግሯችሁ ነበር። ወልደጻድቅ አሮጌ ሚኒባሱን ይዞ በዚያ መንገድ ሲመላለስ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በየወንበሩ ጀርባ ፌስታል ያንጠለጥላል፤ ከመሪው አጠገብ ሎሚ አይጠፋም። ሰው ሲያስመልሰው አይቆጣም። «የሸኮ ጠመዝማዛ ነው፣ አይዟችሁ» ይላል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነት ብቻውን ግን ጭስ አያግድም።

ደግነቱ በተለይ በጋቢናው ይታወቃል። ከጎኑ ያለውን ያንን የፊት ወንበር ቀድሞ ለመጣም ሆነ ለባለሥልጣን አይሰጥም። የአሮጊት፣ የበሽተኛና የነፍሰ ጡር ቦታ ነው። ከሸኮ እየተሳፈሩ ቴፒ ያለች ልጃቸውን የሚጠይቁት እማማ ሸዋነሽ ዘወትር እዚያ ይቀመጣሉ። እንዲህ ተከብረውም ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳያስመልሳቸው ደርሰው አያውቁም።

አማን ከተማ ጋራዥ ያለው መካኒኩ ሱሀይብ ከዓመት በፊት ነግሮት ነበር። ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ጋሼ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከጋቢናው ሥር፣ ከሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ተሰንጥቋል። ድምፁን የሚያፍነውን ማርሚታም ዝገት በልቶታል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ደግሞ ጭራሽ የለም። ማን ቆርጦ አወጣው?»

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ተደፍኖ ጉልበት ነሳኝ፤ በቦታው ቱቦ አስበየድኩ። ምን ጎደለኝ?»

«ሲደፈን ይቀየራል እንጂ አይጣልም እኮ። የጭሱን መርዝ የሚያበርደው እሱ ነው። አሁን ጭሱ እንዳለ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል፤ ሁሉንም እንቀይረው።»

«ድምፅ ነው እንጂ ምን ይጎዳል? ደግሞ ሰው በድምፄ ነው የሚያውቀኝ። ሸኮ ገና ኩርባው ላይ ስደርስ ‹ወልደጻድቅ መጣ› ብለው ከየቡናቸው ይወጣሉ።»

ወልደጻድቅ ስንጥቁን ራሱ በቆርቆሮ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረና ሄደ። ሱሀይብም ሰለቸው። ስንቱን ሹፌር ይለምን?

በዚያ ዓመት ወልደጻድቅ ደከመ። ጠዋት ደህና የወጣ ሰው ማታ ራሱን ይዞ ይገባል። ራስ ምታቱን እርጅና ነው አለ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው የቴፒ ሙቀት ነው አለ። ቡና ደጋገመ፤ ድካሙ አልለቀቀውም። እሁድ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ ይህንንም ከቅዳሴው በረከት ቆጠረው።

ክረምት ገባ። ቴፒ ያገባችው ልጁ ፀደንያ የመጀመሪያ ልጇን ሚዛን ባለው በእናቷ ቤት ልትወልድ ነበርና ስምንት ወር ሲሞላት ሊወስዳት ሄደ። ጋቢና አስቀመጣት፤ ወገቧን በትራስ ደገፈላት። ዝናቡ ይወርዳል። ከኋላ አንዱ መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ሌላው «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ብርድ ሊመታን ነው?» አለ። ወልደጻድቅም «ዝጉት፣ ነፍሰ ጡር አለች» አለ። ተዘጋ።

«አባዬ፣ ራሴን አመመኝ።»

«መንገዱ ነው የኔ ልጅ። ሎሚውን አሽትቺ።»

ሸኮ ሳይደርሱ ሎሚው ከእጇ ወደቀ። የተኛች መሰለው፤ እንዲያውም ደስ አለው። ቆይቶ ስሟን ቢጠራ አልመለሰችም። ነካ ቢያደርጋት ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘመመ። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ እሱንም ራሱን አዞረው። ተሳፋሪዎቹ ተረባርበው ዝናቡ ላይ አወጧት። ንፋስ ሲያገኛት ዓይኗን ገለጥ አደረገች። በሌላ መኪና ሚዛን ሆስፒታል አደረሷት።

ኦክስጅን ከተደረገላት በኋላ ነርሷ ማርዋ ወደ ወልደጻድቅ ዞረች።

«አባት፣ ቤት ዘግታችሁ ከሰል አንድዳችሁ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ጎረቤታችን በከሰል ከሞተ ወዲህ እናቷ ምድጃውን ከደጅ አታስገባም።»

«ታዲያ በምን መጣችሁ?»

«በመኪናዬ።»

«መስኮቱ ዝግ ነበር?»

«ዝናብ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስዘጋሁት።»

«የከሰሉም የመኪናውም መርዝ አንድ ነው አባት። መርዙ ራሱ ሽታ የለውም። ሰውን እያስተኛ ነው የሚወስደው።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠና ጋቢናው ላይ ያስቀመጣቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበ። አሮጊቶቹን፣ ለሕክምና ሲመላለሱ የነበሩትን በሽተኞች፣ ነፍሰ ጡሮቹን። ጤነኞቹን ወደ ኋላ እየላከ ደካሞቹን ከስንጥቁ በላይ ሲያስቀምጥ ነበር የከረመው። ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አለቀሰ።

ፀደንያ በሦስተኛው ቀን ያለ ጊዜው የመጣ ትንሽ ልጅ ወለደች። ልጁ ተርፏል። ሆኖም ጭሱ ጎድቶት እንደሆነ ሲያድግ ነው የሚታየው አሏቸው ሐኪሞቹ። ወልደጻድቅ ዛሬም የልጅ ልጁን ሲያቅፍ ዓይን ዓይኑን ያያል።

መኪናውን ሱሀይብ ዘንድ አስገብቶ «ሁሉንም ቀይር» አለው። ሱሀይብ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሽቦውን ፈታ። ቱቦው፣ ማርሚታው፣ ካታሊቲኩም ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ተጠብቆ ተቀየረ።

እናንተም መኪና የያዛችሁ፣ ተሳፋሪያችሁ በታመመ ቁጥር መንገዱን አትውቀሱ። ዝቅ ብላችሁ ከመኪናችሁ ሥር እዩ። ተሳፋሪዎችም ብርድ ፈርታችሁ መስኮት ስትዘጉ ምን እየተነፈሳችሁ እንደሆነ ጠይቁ። በሽቦ የታሰረ ነገር ተጠገነ አይባልም።

ወልደጻድቅ ሥራ በጀመረ ዕለት ሸኮ ላይ ማንም አልወጣም። መኪናው ዝም ስላለ የሰማው የለም። ወርዶ ደጅ ለደጅ እየዞረ ተጣራ። እማማ ሸዋነሽ ጋቢና ገቡ፤ ቴፒ ሲደርሱ ፌስታሉን አጣጥፈው መለሱለት።

«ለሌላ ሰው ይሁን ልጄ። መንገዱን ሠሩት እንዴ?»

«መንገዱ ያው ነው እማማ። ዓመት ሙሉ ሲያሳምምዎት የኖረው የኔ መኪና ነው። ተነግሮኝ ነበር፤ ንቄ ተውኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ለመውረድ የያዙትን እጀታ ለቀው ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ሆዴን ነበር የምረግመው።»