ከደጃፉ የታየው ሰው

ሠዓሊው ኤሚል ሩስታን ከባሕሩ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ጣቶቹ ላይ ብርቱካናማና ሰማያዊ ቀለም ደርቋል።

ሰማያዊው ቀለም በዓሣ አጥማጁ በማክሲም ሸሚዝ ላይም ተገኘ። ማክሲም ታሰረ።

እናቱ ኦኖሪን ዳቦ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ወደ ውስጥ ሳትዘልቅ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነፍስ ያጠፋ ሰው በፍርድ አንገቱ ከመቁረጫው ስለት ሥር እንደሚገባ ታውቃለች።

«ልጅሽ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር» አላት የፖሊሱ አለቃ ቱሬል።

«ሰውዬው መረባችንን ቢረግጥበት ልጄ የቀለም ሳጥኑን ገለበጠበት። በቃ! ሌላ ምን አደረገ?»

«የጎረምሳ ጠብ መቼ እዚያ ላይ ይቆማል?» አለ ከቱሬል አጠገብ የቆመው ካስቴል እየሳቀ።

ካስቴል የወይን እርሻ ባለቤት ነው፤ ግራ እጁን በጦርነት አጥቷል። ሬሳውን ያገኘው፣ የሟቹንም ሥዕል ያመጣው እሱ ነበር።

ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሚያሳየው ባለፈው ሳምንት የተቃጠለውን የመንደሩን የጥድ ደን ነው። እሳቱን የለኮሰው ሰው አልታወቀም። ቱሬል አፍንጫውን ሸራው ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረውም።

«ቢጫ ነጥብ፣ ሐምራዊ ነጥብ... ሰውዬው ቀለም መቀላቀል አያውቅም እንዴ?»

«ኩፍኝ የያዘው ሥዕል!» አለ ካስቴል።

ኦኖሪን ቀና አለች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

«ሰው አለ» አለች። «ከጥዶቹ ሥር። ችቦ ይዟል።»

ቱሬል ይበልጥ ወደ ሸራው ጎነበሰ።

«አይጠጉ! ይጠፋብኛል! በማርያም፣ አለቃ፣ ወደዚህ ይምጡ!»

ቱሬል ወደ ደጃፉ ሄዶ ወደ ሥዕሉ ዞረ። ከሩቅ ሲታዩ ነጥቦቹ ተዋህደው ነደዱ። ከብርቱካናማው ነበልባል ፊት ሰማያዊ ሰው ቆሟል። ግራ እጅጌው ባዶ ነው።

«ምንም የለበትም!» ጮኸ ካስቴል። «አገላብጬ አይቼዋለሁ!»

«ምን ፈልገው?» አለ ቱሬል።

ካስቴል በመጨረሻ ተናዘዘ።

እሳቱን የለኮሰው የተቃጠለውን ደን በርካሽ ገዝቶ ወይን ሊተክልበት ነበር። ሠዓሊው «ያየሁትን ነው የምስለው» ሲለው ከገደሉ ገፋው። ከዚያ ሸራውን ከቅርብ መረመረ። ነጥብ እንጂ ሌላ አላገኘበትም።

ማክሲም ተፈታ።

«እማዬ፣ ነይ እንሂድ።»

ኦኖሪን የበሩን መቃን ጨብጣ ከሥዕሉ ዓይኗን አልነቀለችም።

«መጀመሪያ አንተ ውጣ፣ ልጄ» አለችው። «እኔ ከዚህ ከተነቃነቅሁ ሰውዬው ይጠፋል።»