ወይራ የሸተተው ገንቦ

«እትዬ ወለላ፣ ይሄን ገንቦ ማነው ያጠነው?»

ኢንስፔክተር ዝናሽ ይሄን ስትጠይቅ አፍንጫዋን ገንቦው አፍ ውስጥ ከታ ነበር። ወለላ በሩ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ባሏ፣ ጡረተኛው መምህር አስናቀው፣ ከጎን ባለው ክፍል ተገንዞ ተኝቷል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል፤ ቄሶቹ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል።

«ኧረ ምን አጠነው ትይኛለሽ! የወይን ዕቃ አይታጠንም። አንዴ፣ ሙሽራ ሳለሁ፣ እንደ እናቴ ጠላ መስሎኝ አንዱን ጋን በወይራ ባጥነው፣ አስናቀው ያን ሁሉ ወይን አፈር ላይ ደፍቶ ሦስት ወር አላናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ጭስ እዚህ ክፍል ደርሶ አያውቅም።»

«እስቲ ያሽትቱት።»

ወለላ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ ልውጥ ብሏል። «በስመ አብ! ወይራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ሰኞ አስናቀው ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ ባጃጅ ላይ ሞተ፤ የተቀበለችው ነርስ «ጨጓራው ነው» ሲሏት «ጨጓራ ሰውን በአንድ ቀን አያሳውርም» ብላ ለፖሊስ ደወለች። ደሙ ተቀድቶ ለምርመራ ተልኳል፤ ውጤቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሬሳ ደግሞ ሳምንታት አይጠብቅም። ዝናሽ ያላት እስከ ቀብሩ ያለው ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል፣ ቃሉም አብሮ ይበተናል።

ክፍሉ አራዳ ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ፣ ድንጋዩ ቀን ከሌት የሚቀዘቅዝ ነው። ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች አሉ፤ ከክዳናቸው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የተጨፈለቀው ወይንና ዘቢብ በርሜል ውስጥ ሲፈላ አየሩ በዚያ ቱቦ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ቡልቅታው ሲያቆም ወይኑ ከአተላው ተለይቶ ይቀዳና ዳምጃን በሚሉት ሆደ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ወራት ይተኛል። አምስት ዳምጃን ተደርድሯል። ይሄ ሁሉ የሚሸጥ ነው። አስናቀው ራሱ የሚጠጣው ጥግ ካለው ከዚህ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በተገዛው ገንቦ ብቻ ነበር፤ አፉን በሰም ያሽገዋል፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይከፍተዋል።

«ሲታመም ምን አለ?» አለች ዝናሽ።

«የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፣ ቅዳሜ ኮሶዬ ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ሰኞ ጠዋት ስገባ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ያሻል። ‹ወለላ፣ በሩን ዝጊው፣ ቤት ውስጥ በረዶ እየገባ ነው› አለኝ። ፀሐይዋ እኮ ፍንትው ብላለች! ከዚያ ሆዱን ያዘ፤ ትንፋሹ ዳገት እንደወጣ ሰው ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጭራሽ አላየኝም።»

በረዶ። ዝናሽ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ይሄን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምታው ታውቃለች። የት? አልመጣላትም።

«እኔ እኮ ነግሬያችኋለሁ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ማንያዘዋል ነው፣ የሟች ታናሽ ወንድም፤ ወይኑን ለየግሮሰሪውና ለየሠርጉ የሚያደርሰው እሱ ነው። «የሚፈላ ወይን አየሩ ሰው ይገድላል። ወንድሜ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። እዚህ ሲያጎነብስ ይዞት ነው።»

ዝናሽ ክብሪት ጫረችና እሳቱን ወለሉ ድረስ ዝቅ አደረገችው። ጣቷን እስኪያቃጥላት ድረስ ነደደ። «ያ አየር ቢኖር ይሄ ይጠፋ ነበር። ደግሞ ቱቦዎቹን እያቸው፤ አንዱም ቡልቅ አይልም። እዚህ ክፍል የሚፈላ ነገር ካለ ያንተ ልብ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት መቼ ነው?»

«እሁድ። እኔ ደባርቅ ነበርኩ፣ ትናንት ነው የገባሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። ሦስት ብርሌ ጠጥቻለሁ አለ፤ ‹የዘንድሮው ገንቦ ጠንክሯል፣ ሸጋ ሆኗል› ብሎ ሳቀ።»

«ጠንክሯል አለ?»

«አዎ፣ ምነው?»

ዝናሽ ጥግ ላይ የተከመረውን ጆንያ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ወጣ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ዘጋችው፤ ስፒሪት፣ ያ ለምድጃና ለቀለም የሚሆነው። ማንያዘዋል ጣሪያውን ያይ ነበር።

ይባረክ ቀጥሎ ተጠራ። አራዳ ላይ ግሮሰሪ ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው፤ እሁድ እዚሁ ግቢ ከሟች ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም! ደንበኞቼ በእሱ ወይን ራሳቸውን እየያዙ ሁለት ቀን ይተኛሉ። አንዱማ ‹ይባረክ፣ ዓይኔ ላይ ጭጋግ ወረደ› አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ ‹መምህር፣ ምን እየጨመርክበት ነው?› አልኩት። ‹የምሸጠውን ቀምሼ አላውቅም፣ የቀመሰ ይናገር› አይለኝ መሰለሽ? መምህር ነው እንግዲህ! እኔ ደግሞ ግቢው በሙሉ ወይራ ወይራ ሲሸተኝ ጊዜ፣ ‹ወይን አልሸጥ ሲል ወደ ጠላ ዞርክ እንዴ?› ብዬ አሾፍኩበት። ‹አፍንጫዬ ተዘግቷል፣ የምን ወይራ ነው?› አለኝ።»

ቤቱ ውስጥ የቀረችው አንድ ሰው ናት፦ እንኳየሁ፣ ከአምስት ወር በፊት ለጠርሙስና ለልብስ አጣቢነት የተቀጠረች፣ ሃምሳ ያለፋት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። ስትመጣ እጇን በቀሚሷ አበሰች፤ ዝናሽንም ትክ ብላ አየቻት፣ መርማሪ ከሚታይበት ልክ አልፎ።

«እማማ እንኳየሁ፣ ወይኑ ክፍል ይገባሉ?»

«አያ አስናቀው ሰው እንዲገባ አይወድም። ጠርሙሱን ደጅ ያወጡልኛል፣ ደጅ አጥባለሁ።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ሥራ አልገባም። የእግዜር ቀን ነው።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናሽ አራቱንም እዚያው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገንቦውን መሃል ላይ አስቀመጠች።

«አጭር አደርገዋለሁ፤ ሰው እንቀብራለን» አለች። «መጀመሪያ፣ መምህር አስናቀውን የገደለው አየር አይደለም። አየር በደቂቃ ነው የሚጥል፤ እሱ ግን ዓይኑ ሲጠፋ፣ ትንፋሹ ሲጨንቀው ግማሽ ቀን ቆይቷል። እንዲህ የሚያደርግ ስፒሪት ነው። ስፒሪት ደግሞ ሲጠጡት ሞቅ ያደርጋል፣ ያስቃል፤ የሚገድለው በማግሥቱ ነው። ስለዚህ ሰኞ ማን አጠገቡ ነበር ብዬ አልጠይቅም። የጠጣው እሁድ ቀን ነው፣ ከሰባት ሰዓት በፊት፣ ከዚህ ገንቦ።»

«ታዲያ ይባረክ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ ማንያዘዋል፣ ሳያስበው።

«ልክ ነህ፣ ስለዚህ ይባረክ አይደለም። ስፒሪቱ ግን ያንተ ነው። ጀሪካኑን ማን ነው የሚገዛው?»

ማንያዘዋል «ወይኑ ቀጥኖ ሲወጣ ለማጠንከር ነው። ወንድሜ ነው ያዘዘኝ። ለሚሸጠው ብቻ ነው» አለ።

«ለሚሸጠው ብቻ! ወንድምህ የሚሸጠውን ቀምሶ ስለማያውቅ፣ እሁድ የገዛ ዕቃው አፉ ውስጥ ሲገባ አላወቀውም፤ በጉንፋኑ ላይ ‹ጠንክሯል› ብሎ አደነቀው። ታዲያ ከሚሸጠው ወደሚጠጣው ማን አዞረው? ያ ሰው ሲጨርስ ገንቦውን አጠበው። እዚህ ቢያቆም ኖሮ አልይዘውም ነበር። ግን አላቆመም፤ አጠነው። አንተ ማንያዘዋል የወይን ዕቃ እንደማይታጠን ታውቃለህ፤ ሥራህ ነው። እትዬ ወለላ ሦስት ወር ኩርፊያ ከፍለው ተምረውታል። ይባረክ…»

«እኔ በዕድሜዬ ብርጭቆም አጥቤ አላውቅ!»

«ይታያል። ያጠነው እንግዲህ የመምህርን ሕግ ያልሰማ፣ ጠላ ሲጠምቅ ያረጀ እጅ ነው። ይባረክ፣ የግቢው በር ከውስጥ ነው የሚዘጋው። እሁድ ማን ከፈተልህ?»

የይባረክ ዓይን ከአፉ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ሁሉም ወደ እንኳየሁ ዞሩ።

እንኳየሁ ገንቦውን አየችው፣ እንደ ሰው። «ታጥቦ ሳይታጠን የሚቀመጥ ዕቃ አይቼ አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «አላሰብኩትም። እጄ ነው። ግራዋውን ቆርጬ ፈተግኩት፣ ወይራውን ለኮስኩ፣ ደፋሁበት። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።»

«ስፒሪቱን ከዚህ ጀሪካን ቀዱ?»

«አልነካሁትም። እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ልጄ። እሁድ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ የራሱን ገንቦ ደፋሁ፣ የሸጠውን ገለበጥኩበት፣ በሰም መልሼ አሸግኩት። አንድ ጠርሙስ ነው፣ ከአምና የተረፈ።» ከዚያ ራሷን ቀና አደረገች። «አላወቅሽኝም አይደል?»

ዝናሽ የዚያን ጊዜ አወቀቻት። ፊቷን አይደለም፤ ፊቷን ያኔም አላየችውም ነበር። በረዶውን ነው ያወቀችው። አምና፣ ገጠር ፖሊስ ጣቢያ ስትሠራ፣ አንዲት ሴት ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል መጥታ ነበር። ልጇ ሐዲስ፣ ሠርግ ላይ ጠጥቶ በማግሥቱ «እምዬ፣ ቤቱ ውስጥ በረዶ ይዘንባል» እያለ ሞተ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጠቅልላ አንድ ጠርሙስ ይዛ ነበር።

«‹ይሄን ነው የጠጣው፣ መርምሩልኝ› አልኩሽ» አለች እንኳየሁ። «አንቺ ትጽፊ ነበር። ቀና ሳትይ ‹እማማ፣ ወጣት ነው፣ አብዝቶ ጠጥቶ ነው፣ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ› አልሽኝ። ይዤው ሄድኩ። አስቀመጥኩት። የወይኑን ባለቤት ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት፤ አጣቢ ፈልጎ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የሚጠጣውንና የሚሸጠውን ለይቶ ሲያስቀምጥ አየሁ። ይሞታል ብዬ ነበር ወይ ካልሽኝ፣ አዎ። ልጄ ሞቶ የለ?»

ወለላ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «ምን እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ባሌ ነው። እጄ ላይ ነው የታወረው። የሱ ደም እንዲያው ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?»

ማንያዘዋል ወደ ዝናሽ ጠጋ አለ። ድምፁ ለሰስ ብሏል። «ኢንስፔክተር፣ ‹በራሱ መጠጥ ሞተ› ቢባል ውሸት ነው እንዴ? የራሱ መጠጥ እኮ ነው። እሳቸው ወደ አገራቸው ይገባሉ። የአምናውም ወረቀት ባለበት ይተኛል፤ ፊርማው የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅ። ሁላችንም ዝም ካልን ሁላችንም ቤታችን ነን።»

«ወይኑስ?» አለች ዝናሽ፣ አምስቱን ዳምጃን እያየች።

«ወይኑማ ለጥር ሠርግ ቃል የተገባ ነው።»

ይባረክ እንኳ ፊቱን አዞረ።

ዝናሽ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሁሉም ነገር ተሞልቷል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ሰዓት። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው፦ የሞቱ ምክንያት። እውነቱን ብትጽፍ አንድያ ልጇን የቀበረች ሴት ከዚህ ተነስታ ወህኒ ትገባለች፤ ጠርሙሱን ይዛ መጀመሪያ የሄደችውም ወደ ሕግ ነበር። ጀሪካኑን ብቻ ይዛ ማንያዘዋልን ብትከስ «ማንን ጎዳ?» ይባላል፤ ያን ጊዜ ሐዲስ ይነሳል፣ ሐዲስ ሲነሳ እናቱ ትነሳለች። ዝም ብትል ደግሞ ጥር ይመጣል፤ የማን ልጅ እንደሚሆን የማይታወቅ ሌላ ወጣት ብርሌውን ያነሳል። የራሷን ፊርማ አላሰበችም ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አስባዋለች።

ደጅ ሬሳው ሊወጣ ነው፤ የቄሶቹ ድምፅ ከፍ አለ። እንኳየሁ ሳትታዘዝ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ቆመች፤ ጣቶቿ በጠርሙስ ውሃ ተሸብሽበዋል። አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። «የዛሬውስ ቀና ብለሽ ጻፊው» አለች ብቻ።

ዝናሽ ቀና አለች።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ብዕሩ እጃችሁ ላይ ቢሆን፣ ያቺ ሴት ፊት ለፊታችሁ ቆማ፣ እዚያ ባዶ መስመር ላይ ምን ትጽፉ ነበር?