እኔን ያለው እንግዳ

ልጄ የሄደችው እሱ በመጣበት አውሮፕላን ነው።

ነገሩ የኮሌጅ ልውውጥ ነበር። ከእኛ አንድ ልጅ ይሄዳል፣ ከእነሱ አንድ ልጅ ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ክፍል፣ በሌላው አልጋ አሥር ወር ይኖራል። ሁለቱም የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች ናቸው። ልጄ ወረቀቱን ስታነብልኝ «እማዬ፣ ብቻሽን አትሆኚም እኮ፤ በእኔ ምትክ ሰው ይመጣልሻል» አለችኝ። «ምትክ» የሚለው ቃል ያን ቀንም ደስ አላለኝም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እሱ በአንደኛው በር ወጣ፤ ትንሽ ቆይታ ልጄ በሌላኛው በር ገባች። ሳይተያዩ ተላለፉ። እሷን የሸኘሁበት እንባ ሳይደርቅ እሱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን የሚጠርግ ልጅ ነው።

በማግስቱ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ ላይ የመቀመጫዬ ኪስ ውስጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጫፉ የተነከሰ እርሳስ። እዚህ ስደርስ ደግሞ የልጁ ጠረጴዛ ላይ እንደዚያው የተነከሱ እርሳሶች አንድ ብርጭቆ ሙሉ አሉ።»

«ጣይው» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። አልጣለችውም።

ቤታችንን የሠራው አናጺው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ጠዋት ሲወጣ የበሩን መቃን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግ ነበር። ልጄ ይህን ከእሱ ወረሰች። ኳ ኳ ስታደርግ እኔ ካለሁበት ሆኜ «በደህና ዋይ» እላታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበርን።

እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ቃላት ተምሯል፤ የቀረውን ከእኔ አፍ ለቀመ። ከእኔ ሌላ ብዙ የሚያወራው ሰው ስላልነበረ አማርኛው የሃምሳ ዓመት ሴት አማርኛ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ እያነከሰች ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። «እኔን። ምነው የኔ እናት፣ በልተሻል?» አላት።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ እሷ በሳቅ ሆዷን ይዛ፣ «ይሄን የሚያህል ጎረምሳ እናት አድርገሽው አረፍሽ?»

ከሰዓት በኋላ ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ አብረን ፊደል እንጽፋለን። አንድ ደብተር ነው፤ አንዱን መስመር እኔ፣ ቀጣዩን እሱ። አንድ ቀን እርሳሱን አስቀምጦ «እማዬ» አለኝ። ልጄ በስልክ ስትጠራኝ ሰምቶ ነው እንዲህ የሚለኝ። «ሰው ሲደናቀፍ ‹እኔን› ትያለሽ። ምን ማለት ነው?»

አስቤበት አላውቅም ነበር። «ክፉ ነገር አንተን ከሚያገኝህ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው» አልኩት።

ጉሮሮውን ሦስቴ ጠረገ። «ታዲያ ይሄም ልውውጥ ነው» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ መቃኑ ኳ ኳ አለ።

«በደህና ዋይ» አልኩ ሳላስበው። ከዚያ የያዝኩት ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። ልጄ እኮ የለችም። ዞር ስል እንግዳው በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«መቃኑን መምታቱን።»

እጁን አገላብጦ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ማንም። በሩ የጠየቀኝ መሰለኝ።»

በሩ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ካልመቱት አይከፈትም። ልጁም ይህን ነው ያወቀው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጊዜው ግን በጋ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በስልኩ መስታወት ላይ ልጄን ሳያት ኩባያዋን የያዘችው በግራ እጇ ነው።

«ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። የጠረጴዛው ቀኝ ጎን ግድግዳ ስለሆነ ግራዬን ለመድኩ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጫማዬንም ሳላውቀው ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቼ ነው የምደረድረው። የልጁ እናት ትናንት ከአውቶቡስ ነጂነት ሥራቸው ሲመለሱ አይተው አለቀሱ።»

ከኋላዬ ይበላ የነበረው እንግዳ መብላቱን ተወ። ሹካውን የያዘው በግራ እጁ ነው። ጫማዎቹ በሩ ሥር ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተደርድረዋል። ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩት። መጀመሪያ የተያዩት ያን ጊዜ ነው።

«አልጋዬ ያቃስታል አይደል?» አለችው።

«የግራ እግሩ ብቻ» አላት። «ወረቀት አጥፌ ከሥሩ አደረግኩ።»

«የአንተ መስኮት ደግሞ አይዘጋም።»

«ከታች ግፊው። ልብስም ደርቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። «እማዬ፣ ይሄ ልጅ አንቺን ሆኖልሻል እኮ።»

ከዚያ ዝም ተባባሉ። ስልኩን የያዘው ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ ዝም ብለው ተያዩ። ሁለቱም እኔ መኖሬን የረሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ እሁድ የእኔ መሆኑ ቀረ፤ ስልኩ የእኔ ነው፣ ወሬው የእነሱ። እንግዳው ቁጥሯን አልጠየቀም። «ያለ ፈቃድሽ የልጅሽን ቁጥር አልወስድም» አለኝ። ልጄም «በእናቴ ስልክ ይበቃናል» ብላዋለች። እኔ ፈቃዱን አልሰጠሁም፤ እሱም አልደገመውም። ፍቅር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እሱ አገሩ ሲመለስ ልጄም እዚያው ትቀርብኛለች ብዬ ነው።

በአምስተኛው ወር ልጄ ታመመች። እሁድ ስንደውል ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ፈዝዟል። ቀና ልትል ሞክራ ትራሱ ላይ ተመልሳ ወደቀች።

«እኔን» አለ እንግዳው።

እኛ በቀን አሥር ጊዜ የምንለው ቃል ነው፤ አፋችን ይለዋል እንጂ እኛ አንሰማውም። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ወረቀት ላይ ስሙን እንደሚፈርም ሰው ነው ያለው።

ሰኞ ማለዳ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሰው ከላዬ ላይ ብርድ ልብስ እንደሚገፍ ነው ጥሎኝ የሄደው።»

እንግዳውን ላበስር ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። በልጄ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ እጄን ባሳርፍ እንደ ምጣድ ፈጀኝ።

ሦስት ቀን ተኛ። ሐኪም መጥቶ አይቶት ጉንፋን ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠራኝ።

«እማዬ፣ ቡዋ።»

ቡዋ ልጄ ገና አፍ ስትፈታ ውኃ የምትጠራበት ቃል ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ከተነገረ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። እኔም አላልኩት፣ ደብተራችን ላይም የለም። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ የት ናት? ይሄ አልጋው ላይ ያለው ማን ነው?

ውኃውን አጠጣሁት። እሱ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን እኔ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለልጄ የምደውለው ከልብስ ሰፊዋ ቤት ሆነ። ለልጄ «ፈተና ላይ ነው» አልኳት። ለእሱ «ትምህርት በዝቶባታል» አልኩት። እናት ነኝ፤ ሁለቱም አመኑኝ። አንድ ቀን ከደብተራችን የተቀደደ ወረቀት ሳይታሸግ ሰጠኝ።

«ላኪላት» አለኝ። «መጀመሪያ ግን አንቺ አንብቢው።»

ገና ማንበብ እንዳልቻልኩ ሁለታችንም እናውቃለን። እሺ ብዬ ተቀበልኩትና ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ ሥር አስገባሁት።

የምፈልገውን አገኘሁ። እንግዳው ሲወጣ መቃኑን መምታት ተወ። ልጄም ኩባያዋን በቀኝ እጇ መያዝ ጀመረች። ቤቱ ዝም አለ፤ በጣም ዝም አለ። በሩ ደግሞ በበጋ ያብጥ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት እንግዳው በትከሻው ሲገፋው ድምፁ ሰው የሚያቃስት ይመስላል።

ከዚያ በስምንተኛው ወር ልጄ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ አንድ ዓመት እንድጨምር ፈቅደውልኛል። ልቀር ነው።»

«ለምን?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ።

«እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።»

የፈራሁትን በገዛ እጄ አመጣሁት። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ከአንሶላዎቹ ሥር አወጣሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሻገርኩ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ከወለሉ አንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ሄደች። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ በልተሻል? ብርድ ነው፣ ደርቢ። ክፍልሽ ውስጥ ምንም አላነሳሁም። አንቺ ስትመጪ እኔ ሄጃለሁ። እናትሽ ብቻዋን እንዳትሆን ነው፣ የእኔም። ግን አንድ ቀን ብቻ ሁለታችን አንድ በር ላይ እንቁም። ከዚያ እንደ ገና እንለዋወጥ።»

ለሚወዳት ልጅ «ልጄ» ብሎ ጽፎላታል። ሰው ሲወደድ እንዲህ እንደሚጠራ ነው ከእኔ የሰማው። ሳቄና እንባዬ ተደባለቁብኝ።

በማግስቱ ደውዬ አነበብኩላት። በሕይወቴ ለሰው ጮክ ብዬ መጀመሪያ ያነበብኩት ይህን ነው። ስጨርስ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ራስሽ ነሽ ያነበብሽው?»

«ራሴ ነኝ።»

«መቼ ነው የሰጠሽ?»

«ሦስት ወር ሆነው። ዋሸሁሽ ልጄ። እሱንም ዋሸሁት።»

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «ትኬቴን ገና አልቀየርኩም» አለችኝ።

ለእንግዳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደብተራችን ላይ ጻፍኩለት፦ «አነበብኩት። ይቅር በለኝ። ትመጣለች።» የሱ መስመር ሲደርስ ምንም አልጻፈም። እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። በማግስቱ ጠዋት መቃኑ ኳ ኳ አለ።

የመመለሻው ቀን እንደ መሄጃው ቀን ነበር፤ እሷ በምትመጣበት አውሮፕላን እሱ ይሄዳል። መሐሉ ያለው ሁለት ሰዓት ነው። «ፓስፖርትህን አምጣ፣ ትጥለዋለህ» ብዬ ከቤት ጀምሮ ተቀብዬው ቦርሳዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። አውሮፕላኑ ዘግይቷል አሉ። አርፏል ሲባል የመጡት ሳይወጡ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች መግባት ጀመሩ።

«እማዬ፣ ልግባ። ፓስፖርቴን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ያመልጠኛል።»

«ያምልጥህ» አልኩና ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አጠገባችን የነበረች ጠባቂ ዘወር ብላ አየችኝ። እሷንም አየኋት።

ያን ጊዜ ልጄ በመውጫው በር ብቅ አለች። ሻንጣዋን የምትጎትተው በግራ እጇ ነው። እንግዳው ወደ እሷ ሄደ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እሱ ጉሮሮውን ሦስቴ ጠረገ፣ እሷም ጠረገች። ከኪሷ እርሳስ አውጥታ ሰጠችው። አንደኛው ጫፉ ላይ የእሱ ጥርስ ምልክት አለ፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ የእሷ።

ሊቀበላት ሲራመድ የሻንጣዋ ጎማ አደናቀፈው።

«እኔን» አለች ልጄ።

ሮጬ የሁለቱንም እጅ ያዝኩ። «በቃ» አልኳቸው፣ «ልውውጡ ዛሬ አለቀ። ከእንግዲህ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ታመሙ።»

ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እሱ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ያ የስልኩ ዝምታ፣ አሁን ግን መሐሉ ምንም የለበትም። የመጨረሻው ጥሪ ሲጠራ ፓስፖርቱን ሰጠሁት። ወደ በሩ እየሮጠ ገባ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ዘወር አለና በግራ እጁ የበሩን ብረት ሁለቴ መታው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ሁለቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ተጋቡ። አሁን በሌላ ከተማ፣ ከእኔም ከእናቱም በእኩል ርቀት ይኖራሉ፤ የሰው ቤት ይነድፋሉ። የሚሠሩበት ጠረጴዛ በግራም በቀኝም ክፍት ነው። ሁለቱ የተለዋወጧቸው ክፍሎች ግን ባዶ ናቸው።

እሁድ ከሰዓት የሚደውሉልኝ የልጁ እናት ናቸው። «በልተሻል?» ይሉኛል፤ ልጄ ያስተማረቻቸው ይህን ነው። «በልቻለሁ፣ እርስዎስ?» እላቸዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ስልኩን ወደ ልጃቸው ክፍል በር አዞሩትና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እሳቸው አልፈሩም። ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ።

እኔም አልፈራም። ጠዋት ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ መቃኑ ኳ ኳ ይላል። ትንፋሽ ያህል ይቆይና እንደ ገና ኳ ኳ ይላል፣ በሌላ እጅ። መጀመሪያ ሰሞን «ዋይ» ልበል «ዋል» ይቸግረኝ ነበር። አሁን ዘወር ብዬም አላይ።

«በደህና ዋሉ» እላለሁ።